የውሃ ሽታ የሚሆኑ መስኮቶች፦ ዌይላንድን በአንዲት ቁልፍ ስለካው

ሥራዬ የተቀዳ ድምፅ እየሰሙ መጻፍ ነው። ቃለ መጠይቅም ይሁን ስብሰባ፣ ማዳመጫዬን ሰክቼ ወደ ጽሑፍ እገለብጣለሁ። ለዚህ ሥራ ስክሪኔ ላይ ሁለት ነገር ይበቃኛል። አንዱ ሰፋ ያለ መጻፊያ፣ ሌላው አንዲት ሚጢጢ የድምፅ ማጫወቻ። ማጫወቻዋ ከአጠገቤ እንድትርቅ አልፈልግም። የምጽፈውን ስለምትሸፍንብኝ ደግሞ ዞር እንድትልልኝ እፈልጋለሁ። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ እሷን ሳሳንስና ስመልስ ነው የምውለው። አንድ ቀን ነገሩ ገርሞኝ ስቆጥር ገና እኩለ ቀን ሳይሆን 130 ደርሼ ነበር።

ይህን የማወራው ግምገማዬ ከየት እንደሚነሳ እንድታውቁልኝ ነው። ሌላው ሰው የሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነፃ ሥርዓት) ዴስክቶፕ ሲገመግም ስለ መልኩ፣ ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ ጌሙ ያወራል። እኔ የምለካው በአንዲት ቁልፍ ነው። መስኮቱ ጥግ ላይ እንደ ሰረዝ የተጋደመችው፣ ሚኒማይዝ የምታደርገዋ። ስጫናት መስኮቱ ይሂድ፣ ስጠራው ይምጣ። ሌላ ጥያቄ የለኝም።

ከአራት ወር በፊት፣ ለዓመታት ከኖርኩበት ኤክስ11 ወጥቼ ዌይላንድ ገባሁ። ሁለቱም ሊኑክስ ላይ የፕሮግራሞች መስኮት ስክሪን ላይ የሚወጣባቸው ሥርዓቶች ናቸው፤ ኤክስ11 አሮጌው፣ ዌይላንድ አዲሱ። ዴስክቶፔ ኬዲኢ ፕላዝማ 6 ነው። ፕላዝማ 6 በ2024 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ ነው) ሲወጣ ዌይላንድን ቀዳሚ ምርጫው አድርጎ ነው የመጣው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰላም ነበሩ። ሁለቱ ሞኒተሮቼ መጠናቸው የተለያየ ስለሆነ ኤክስ11 ላይ አንዱ ሲስተካከል ሌላው ይበላሽብኝ ነበር። አሁን ሁለቱም በየራሳቸው ልክ ጽሑፉን ጥርት አድርገው ያሳዩኛል። ቪዲዮ ስከፍትም መሃሉ ላይ የሚሰነጠቅ ነገር የለም። ተደስቼ ሳልጨርስ ማጫወቻዬ መጥፋት ጀመረች።

ስሟን አልጠራም። አንድ ሰው በትርፍ ሰዓቱ በነፃ የሚሠራት ናት፤ ወደ በኋላ እንደምታዩት ሰውየውም አላሳፈረኝም።

የመጀመሪያው ጉድ እንዲህ ነበር። የ47 ደቂቃ ቅጂ ይዣለሁ። ማጫወቻዬ አንድ የምወድላት ጠባይ አላት። የቁልፍ ሰሌዳው ላይ ያለችውን የማቆሚያ ቁልፍ በተጫንኩ ቁጥር፣ የቆምኩበትን ደቂቃ አንድ ማስታወሻ ፋይል ላይ ትጽፍልኛለች። በኋላ ተናጋሪው ምን እንዳለ ስጠራጠር ወደዚያች ደቂቃ እመለሳለሁ። ያን ቀን 12:41 ላይ አሳነስኳትና ጽሕፈቴን ቀጠልኩ። ድምፁ ይሄዳል፣ አቆማለሁ፣ እጽፋለሁ፣ አስቀጥላለሁ። ሰባት ጊዜ አቆምኩ። መስኮቷን ስመልሳት ድምፁ 14:05 ደርሷል፤ ቆጣሪዋ ግን 12:41 ላይ እንደ ሐውልት ቆማለች። እኔ እያየኋት ድንገት ባነነችና 14:05 አለች። ማስታወሻውን ከፈትኩ። ሰባት መስመር አለ። ሰባቱም 12:41 ይላሉ።

እንግዲህ 84 ሰከንድ የሚሆን ንግግር በሙሉ በአንዲት ሰከንድ ተደራርቦ ተመዝግቧል ማለት ነው። መቼም የሰደብኩት ፕላዝማን ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሰደብኩት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ለካ ለእኔ ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት ዌይላንድ ላይ ፕሮግራም እንዴት እንደሚሣል ማወቅ ያስፈልጋል። አትፍሩ፣ አጭር ነው። ዌይላንድ ላይ መስኮቶቹን ሁሉ ሰብስቦ ስክሪኑ ላይ የሚደረድር ኮምፖዚተር የሚባል አለ። ፕላዝማ ላይ ኬዊን ይባላል። ፕሮግራሙ እንዳሻው አይሥልም። «ቀጣዩን ምስል ልሥራ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ኮምፖዚተሩ «አሁን ሥራ» ይለዋል። ይህች መልስ ፍሬም ኮልባክ ትባላለች። መስኮቱ በማይታይበት ጊዜ ኮምፖዚተሩ መልስ ላይሰጥ ይችላል። ለምን ይሰጣል? ማንም የማያየውን ሥዕል በሴኮንድ 60 ጊዜ መሣል ባትሪ ማቃጠል ነው። የእኔ ማጫወቻ ጥፋት የድምፁን ደቂቃ የምታሰላው በምትሥልበት ጊዜ ብቻ መሆኑ ነው። ኤክስ11 ላይ ተደብቃም ትሥል ስለነበር አልታወቀባትም። ዌይላንድ ላይ «አሁን ሥራ» የሚላት ስታጣ ደቂቃዋም አብሮ ቆመ።

የእኔዋ እንዲያውም ዕድለኛ ናት፣ ቢያንስ ድምፁ አልቆመም። መልሱ እስኪመጣ ዋናውን ሥራቸውን ሁሉ አቁመው የሚጠብቁ ፕሮግራሞች አሉ። እነዚህ ሲያሳንሷቸው ድርቅ ብለው ይቀራሉ። አንዳንድ ጌሞች ሚኒማይዝ ሲደረጉ ከሰርቨሩ የሚባረሩት በዚህ ነው፤ ስዕሉን እየጠበቁ ለሰርቨሩ መልስ መስጠት ይረሳሉ። ለዚህ ዓይነቱ ችግር በ2024 ፊፎ የሚባል አዲስ ፕሮቶኮል፣ ማለትም ፕሮግራሙና ኮምፖዚተሩ የሚግባቡበት ደንብ፣ ወጥቷል። ጌም ስለማልጫወት እዚህ ላይ ልለፈው።

ሁለተኛው ጉድ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ማጫወቻዬ ታች ሰዓቱ አጠገብ፣ ትሬይ ላይ፣ ትንሽ ምልክት አላት። ኤክስ11 ላይ አንድ ጊዜ ስነካት ትደበቃለች፣ ደግሜ ስነካት ትመጣለች። ዌይላንድ ላይ ግን መስኮቷን በሰረዟ ቁልፍ አሳንሼ ምልክቷን ስነካ ምንም የለም። ሁለተኛ ስነካ ትመጣለች። አንዳንዴ ደግሞ ከትሬይዋ ምናሌ «አሳይ ወይም ደብቅ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ። ፕሮግራሟን እንደ አዲስ ስከፍት ደግሞ ታስክባሩ (የተከፈቱት መስኮቶች ስም የሚደረደርበት አሞሌ) ላይ ያለው ስሟ ቀለም ቀይሮ «አለሁ» ይላል እንጂ መስኮቷ አትመጣም። አንድ ቀን ጭራሽ ታስክባሩም ላይ የለችም። የውሃ ሽታ ሆነች። ድምፁ ጆሮዬ ላይ እየተናገረ ተናጋሪዋ የለችም።

የመጨረሻዋ ጥፋት የራሴ ነበረች፤ ልናዘዝ። የፕላዝማን ታስክባር «በዚህ ሞኒተር ያሉትን መስኮቶች ብቻ አሳይ» ብዬ ያስተካከልኩት እኔው ነኝ። ማጫወቻዋን ሁለተኛው ሞኒተር ላይ ሳለች አሳንሼያት፣ የመጀመሪያው ላይ እፈልጋታለሁ። ያቺን ምርጫ ሳጠፋ ተገኘች። መስኮት የጠፋበት ሰው ማንንም ከመክሰሱ በፊት እዚያች ቦታ ይይ።

የቀሩት ግን የእኔ አልነበሩም። ፕሮግራመሮች እንዲህ ያለውን ጥፋት በእንግሊዝኛ በግ (bug) ይሉታል። በአማርኛችን ሲጠራ ነገሩ በጣም ያምርበታል። የጠፋውን በግ ፍለጋ ወጣሁ።

መጀመሪያ ኤክስ11 ላይ ነገሩ እንዴት ይሠራ እንደነበር አየሁ። ኤክስ በ1984 ኤምአይቲ ውስጥ የተጀመረ ነው፤ 11ኛው እትሙ በ1987 ወጣ። እስካሁን በዚያው ቁጥር ይጠራል። እዚያ ላይ መስኮት ሲያንስ፣ የመስኮቶቹ አስተዳዳሪ መስኮቱ ላይ ምልክት ይለጥፍበታል። ኤክስፕሮፕ የምትባለውን ትንሽ መሣሪያ ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ ጠርታችሁ የመስኮቱን መለያ ብትሰጧት፣ «የመስኮቱ ሁኔታ፦ አይኮኒክ» ብላ ታነብላችኋለች። አይኮኒክ ያለችው በድሮ ጊዜ ያነሰ መስኮት ስክሪኑ ላይ አይኮን ሆኖ ይቀመጥ ስለነበር ነው። በቁጥርም ይጻፋል። 0 ከስክሪኑ ጨርሶ የተነሳ፣ 1 የሚታይ፣ 3 ያነሰ። 2 የት ሄደች ብላችሁ እንደሆነ፣ እሷ ዙም የምትባል ሁኔታ ነበረች፤ ተሽራ ቁጥሯ ብቻ ባዶ ቀረ። ዋናው ነገር ምልክቷን ፕሮግራሙም ማንበብ ይችላል። ማጫወቻዬ ራሷን አይታ «አሁን 3 ነኝ፣ ስለዚህ ልምጣ» ትል ነበር።

ዌይላንድን ክሪስቲያን ሆግስበርግ በ2008 ሲጀምረው ሌላ ሐሳብ ይዞ ነው። እዚህ ፕሮግራም ስለ ራሱ መስኮት ብዙ አያውቅም። ስክሪኑ ላይ የት እንዳለ እንኳ አያውቅም። መስኮቶችን የሚገዛው ኤክስዲጂ ሼል የሚባል ፕሮቶኮል ነው። ሰነዱን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። «አስፋኝ» የሚል ጥያቄ አለ፣ «ማስፋቱን ተውልኝ» የሚልም አለ። «ሙሉ ስክሪን አድርገኝ» አለ፣ «መልሰኝ» አለ። «አሳንሰኝ» አለ። «መልሰኝ» ግን እዚህ ጋ የለም። ሰነዱም ተረስቶ እንዳልሆነ ፊት ለፊት ይናገራል፦ መስኮታችሁ አንሶ ይሁን አልሆነ የምታውቁበት መንገድ የለም፣ ማሳነሱን የምትሽሩበትም መንገድ የለም። መስኮቱ ሲያንስ መሣሉን ልቀንስ የምትሉ ከሆነ ደግሞ ፍሬም ኮልባክን ተጠቀሙ ይላል።

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። መስኮት አለሽ፣ ግን ትታይ አትታይ አንቺ አታውቂም ነው የሚላት።

ይህን ካነበብኩ በኋላ በዓይኔ ማየት ፈለግኩ። ዌይላንድ ዲበግ የምትባል የአካባቢ ተለዋዋጭ፣ ማለትም ፕሮግራም ሲነሳ የሚያነባት ማስተካከያ፣ አለች። 1 ብላችሁ ሞልታችሁ ፕሮግራሙን ከተርሚናል ስታስነሱት፣ ፕሮግራሙና ኮምፖዚተሩ የሚባባሉትን ሁሉ መስመር በመስመር ታፈስላችኋለች። ፕሮግራሙ የሚልከው ቀስት አለበት፤ ወደ እሱ የሚመጣው ቀስት የለውም። መጀመሪያ ከማጫወቻዋ ከራሷ ምናሌ «አሳንስ» አልኩ። ቀስት ያለባት አንዲት «ሴት ሚኒማይዝድ» የምትል መስመር ወጣች። እሺ። ቀጥሎ መልሼ አመጣኋትና አሁን ከላይ በርዕሱ አሞሌ ላይ ያለችውን ሰረዝ ተጫንኩ። ቀስት ያለው ነገር የለም። ፕላዝማ ላይ ያንን አሞሌ የሚሥለው ብዙ ጊዜ ኬዊን ራሱ ነው። ቁልፉም የእሱ ነው። መስኮቷን ሲያሳንሳት ለማጫወቻዋ አልነገራትም፤ አልተገደደምም።

ወደ እሷ የመጣው አንድ ነገር ብቻ ነው። የሁኔታዎች ዝርዝር ሲሆን ቀድሞ «አክቲቬትድ» (ተጠቃሚው አሁን ያለው አንቺ ላይ ነው) የሚል ቃል ነበረበት፣ አሁን የለበትም። አሃ ይሄ ነው ብዬ ዘለልኩ። ከዚያ ለማረጋገጥ መስኮቷን ሳላሳንስ አጠገቧ ያለውን መጻፊያ ብቻ ነካሁ። ያው መስመር ራሱ መጣ። «አክቲቬትድ» ወጣች። ከማጫወቻዋ ወንበር ሲታይ፣ መደበቅና የእኔን ዓይን ማጣት አንድ ናቸው።

ስለዚህ የትሬይዋ ሁለቴ መነካት ተገለጠልኝ። እኔ በሰረዟ አሳንሼያታለሁ። እሷ ግን «እየታየሁ ነው» ብላ ታምናለች። ምልክቷን ስነካ «እየታየሁ ከሆነ ልደበቅ» ብላ የተደበቀችውን ትደብቃለች። ሁለተኛ ስነካ «ተደብቄያለሁ፣ ልምጣ» ትላለች። «አሳይ ወይም ደብቅ» የሚለውም ያልሠራው ለዚሁ ነው፤ የሌለ ጥያቄ ነበር የምትጠይቀው።

ለማጫወቻዋ ባለቤት ሪፖርት ጻፍኩ። ስጽፍ የተማርኩትን ልንገራችሁ፣ ይህ ዓይነት በግ ሲያጋጥማችሁ ጊዜ ይቆጥብላችኋል። «ሚኒማይዝ አይሠራም» ብቻ ካላችሁ ማንም ሊረዳችሁ አይችልም። መስኮቱን ያሳነሳችሁት በርዕሱ አሞሌ ነው ወይስ በፕሮግራሙ በራሱ ቁልፍ፣ ይህን ጻፉ። ዴስክቶፓችሁን ከነቁጥሩ ጻፉ። ፕሮግራሙ በቀጥታ ዌይላንድ ላይ ነው ወይስ በኤክስዌይላንድ (ወደ እሱ እመጣለሁ) በኩል ነው የሚሄደው፣ ይህን ሳትናገሩ የሚመጣ መልስ ግምት ነው። ፕላዝማ ላይ የኬዊን ማረሚያ ኮንሶል የሚባል መስኮት አለ፤ የተከፈተውን መስኮት ሁሉ ይዘረዝርና ኤክስ11 ይሁን ዌይላንድ፣ አንሶ ይሁን አልሆነ፣ ከእነ ሌላው ጠባዩ ያሳያችኋል። እኔ ከእሱ የገለበጥኩትን እና የዲበጉን 20 መስመር አያያዝኩ።

ባለቤቱ በሦስተኛው ቀን መለሰ። ትሁት ነው። ግን የመጀመሪያው መፍትሔው ባሰ። «አክቲቬትድ ከጠፋች አንድ ሰከንድ ካለፈ፣ ተደብቄያለሁ ብዬ ልቁጠር» አለ። ሞከርኩት። እኔ መጻፊያዬ ላይ ስሆን ማጫወቻዋ ሁሌም ዓይን የላትም፤ ስለዚህ ፊቴ ተቀምጣ ሳለች «ተደብቄያለሁ» ትላለች። ልደብቃት ትሬይዋን ስነካ «መጣሁ» ትላለች። የት ነበርሽ? እዚሁ። በሽታው ቦታ ቀየረ እንጂ አልዳነም። ይህንኑ ጻፍኩለት።

እስኪስተካከል ድረስ በኤክስዌይላንድ ቆየሁ። ኤክስዌይላንድ ለድሮ ፕሮግራሞች ተብሎ ዌይላንድ ውስጥ የሚኖር የኤክስ ሰርቨር ነው። ማጫወቻዋ ኪውቲ በሚባለው የፕሮግራም መሥሪያ የተሠራች ስለሆነች፣ የኪውቲን መድረክ የሚወስነውን ተለዋዋጭ ኤክስሲቢ ብሎ ማስነሳት ይበቃል። ጂቲኬ በሚባለው ሌላ መሥሪያ የተሠሩትም የራሳቸው ተመሳሳይ ተለዋዋጭ አላቸው፣ እሱን ደግሞ ኤክስ11 ብሎ መሙላት ነው። ያን ሳደርግ ሁሉም ወደ ድሮው ተመለሰ። ኤክስፕሮፕን ስጠይቃት «አይኮኒክ» አለችኝ፤ የጠፋ ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ። ዋጋው ጽሑፏ ነው። ሞኒተሬን 125 በመቶ ስለማሳድገው ፊደሎቿ ጭጋግ የለበሱ መሰሉ። ፕላዝማ የኤክስ ፕሮግራሞች ራሳቸውን ያሳድጉ የሚል ምርጫ አለው፤ እሱን ስቀይር ጠራች። ለሦስት ሳምንት ያለ ሐሳብ ሠራሁ። አስቸኳይ ሥራ ያለበት ሰው እዚህ ላይ ቢያቆም አልፈርድበትም።

በነዚያ ሦስት ሳምንታት ሌሎቹንም ዴስክቶፖች ልቅመሳቸው ብዬ ሞከርኩ።

ጊኖም ሲከፈት የማሳነሻ ቁልፍ የለውም። ጊኖም 3 በ2011 ሲወጣ ነው ያነሳት። ትዊክስ በሚባለው ማስተካከያ መመለስ ይቻላል፤ ሱፐርን (የዊንዶውስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ) እና ኤችን አብሮ መጫንም መስኮቱን ይደብቃል። የእነሱ ሐሳብ አትደብቁ፣ ወደ ሌላ የሥራ ቦታ ውሰዱት ነው። ለሚስማማው ይስማማው። በቀን መቶ ጊዜ ለሚያሳንስ ሰው ግን ቤቱ በር እንደሌለው ነው የሚሰማው። አንድ ነገሩን ወደድኩለት። ፕሮግራም ሳይጠራ ልምጣ ሲል መስኮቱን ፊቴ ላይ አይወረውርም፤ «ዝግጁ ነው» የሚል ማሳወቂያ ብቻ ያሳየኛል።

ስዌይ ደግሞ ጭራሽ ማሳነስ የሚባል ነገር አያውቅም። መስኮቶቹን ጎን ለጎን ይደረድራቸዋል፣ አለቀ። ስጀምር ሁለት ቀን እሰጠዋለሁ ብዬ ነበር። ግን ስክራችፓድ የሚባል ኪስ አለው። መስኮቱን እዚያ ክተቱት፣ አንድ ቁልፍ ስትጫኑ ከፊታችሁ ተንሳፍፎ ይመጣል፣ ያንኑ ስትጫኑ ይሄዳል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለእኔ ማጫወቻ ከሁሉም የተሻለው ይኼ ነበር። መጥራቱም መሸኘቱም የኮምፖዚተሩ ስለሆነ ፕሮግራሙን ማንም አይጠይቀውም። የተመለስኩት የቀረውን ሥራዬን እሱ ላይ መልመድ ስላቃተኝ ነው። እጄም ልማድ አለበት መሰለኝ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር አየሁ። አንዳንድ ፕሮግራሞች የርዕስ አሞሌያቸውን ራሳቸው ነው የሚሥሉት። ማሳነስ በሌለበት ዴስክቶፕ ላይ ያቺ ሰረዝ ተሥላ ትቀመጣለች፣ ትጫኗታላችሁ፣ ምንም የለም። ብዙ ሰው በግ ብሎ የሚከሰው ይህንን ነው። ለዚህ መፍትሔው ፕሮቶኮሉ ውስጥ አለ። ከኤክስዲጂ ሼል 5ኛ ቅጂ ጀምሮ ኮምፖዚተሩ «ማስፋት እችላለሁ፣ ማሳነስ አልችልም» ብሎ አስቀድሞ ማሳወቅ ይችላል። የሚሰማ ፕሮግራም ቁልፏን ይሰውራል።

ሁለተኛው ማስተካከያ መጣ። በዚህኛው ባለቤቱ ነገሩን ከሥሩ ነው የያዘው። የድምፁን ደቂቃ ከሥዕሉ ለየውና ከድምፁ ሰዓት ብቻ እንድትወስድ አደረጋት። ትሬይዋንም «እታያለሁ ወይስ አልታይም» ብላ ራሷን መጠየቋን አስተዋት። ምልክቷ ስትነካ ሁልጊዜ ትመጣለች። መደበቅ ሲያስፈልግ ደግሞ «አሳንሰኝ» አትልም፣ መስኮቷን ጠቅልላ ታነሳዋለች። ያ ራሷ ያደረገችው ስለሆነ ታውቀዋለች።

ለመምጣቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ዌይላንድ ላይ ፕሮግራም ተነስቶ ፊት መቆም አይችልም። በ2021 የመጣ ኤክስዲጂ አክቲቬሽን የሚባል ፕሮቶኮል አለ። ተጠቃሚው የሆነ ነገር ሲነካ ያ ንክኪ ወደ ማኅተም ይለወጣል። ማኅተሙን የያዘ ይገባል፤ ያልያዘ ታስክባሩ ላይ ቀለም ቀይሮ በር ላይ ይጠብቃል። ያ ነበር ፕሮግራሟን ዳግም ስከፍት ያጋጠመኝ። አዲስ የተከፈተው ፕሮግራም ቀድሞ ለተከፈተው «ሰውየው ይፈልግሃል» ይለዋል፣ ማኅተሙን ግን አያቀብለውም። አሁን ያቀብለዋል። ፕላዝማም ትሬይ ሲነካ ለፕሮግራሙ ማኅተም ይልካል፤ መቀበል ብቻ ነው የጎደለው።

ይህን ጥብቅነት መጀመሪያ ጠልቼው ነበር። አሁን አልለውጠውም። ኤክስ11 ላይ እየጻፍኩ ሳለ አንድ መስኮት ዘሎ መጥቶ ግማሽ ዓረፍተ ነገሬን የበላበት ጊዜ ብዙ ነው። አንዴ የምተይበው ቃል ውስጥ ያለችው ክፍት ቦታ «እሺ» የሚለውን ቁልፍ ተጭናብኛለች። ምን እንዳልኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሙሉ ጤና ነው ግን አልልም። መስኮቷ ተጠቅልላ ስትነሳ፣ ስትመለስ አዲስ መስኮት ናት። ዌይላንድ ላይ ፕሮግራም የሚቆምበትን ቦታ አይመርጥም። ስለዚህ በቀኝ ጥግ የተውኳት ስክሪኑ መሃል ላይ ተገትራ ትመጣ ጀመር፤ የማልፈልገው ቦታ ማለት እሱ ነው። መድኃኒቱ ፕላዝማ ጋ አለ። የመስኮት ደንቦች በሚለው ማስተካከያ ለዚያች መስኮት ብቻ ቦታዋን «አስታውስ» ብዬ ደነገግኩ። የሚያስቀምጣት ኬዊን ስለሆነ ይሠራል። ፕላዝማን ከሌሎቹ የማስበልጠው ለዚህ ነው። ፕሮግራሙ እንዳይነካው የተከለከለውን ነገር ለእኔ፣ ለተጠቃሚው፣ አልከለከለኝም።

በ2023 ፕሮቶኮሉ ላይ ሰስፔንድድ የምትባል ሁኔታ ተጨምራለች። ብዙዎች «በቃ፣ ማነሱን መናገር ተጀመረ» ብለው ጽፈው አይቻለሁ። አይደለም። የምትለው «አሁን የሚያይሽ የለም፣ መሣልሽን አቁሚ» ብቻ ነው። አንሰሽ ይሁን፣ በሌላ መስኮት ተሸፍነሽ ይሁን፣ ስክሪኑ ተቆልፎ ይሁን አትነግርም። ባለቤቱ ሊጠቀምባት አስቦ ነበር፤ ተውት፣ እንደገና ሦስተኛ በግ ልናሳድግ ነው አልኩት። ሳቀና ተወው።

ባለፈው ሳምንት ያቺን የ47 ደቂቃ ቅጂ መልሼ ከፈትኳት። ሆን ብዬ 12:41 ላይ በሰረዟ አሳነስኩ። ሰባት ጊዜ አቆምኩ፣ አስቀጠልኩ። ማስታወሻው ላይ ሰባት የተለያየ ደቂቃ አለ። ትሬይዋን አንዴ ነካሁ፣ ቀኝ ጥጓ ላይ ቁጭ አለች። በኤክስዌይላንድ በኩል የምታስነሳትን ማስነሻ ግን ከዴስክቶፔ ላይ ገና አላጠፋኋትም። መቼም አይታወቅም።

አንድ ቀሪ ነገር አለ። የትሬይዋ ምናሌ አሁንም «አሳይ ወይም ደብቅ» ይላል። መደበቁን ትቷል፣ ስሙ ግን አልተለወጠም። ትናንት ይህንኑ ጻፍኩለት። «ጥራ ብለው ይሻላል?» ብሎ መልሶልኛል። ይሻላል ብያለሁ።